ከፓኮ የወጣ ፊት፦ የማስታወቂያ ካርድና የእኛ ምልክቶች

(በጽሑፉ ያሉት ዘመናት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

በ2022 አሜሪካ ውስጥ በአንድ ጨረታ የቤዝቦል ተጫዋች ምስል ያለባት አንዲት ካርቶን 12.6 ሚሊዮን ዶላር አወጣች። ተጫዋቹ ሚኪ ማንትል ነው። ካርዷን በ1952 ያሳተማት ቶፕስ የሚባል የማስቲካ ኩባንያ ሲሆን፣ ልጆች በአምስት ሳንቲም ማስቲካ ሲገዙ አብራ የምትወጣ ምርቃት ነበረች። ለገበያ የቀረበው ማስቲካው ነው፤ ካርዷ አሻሻጭ ነበረች። ከሰባ ዓመት በኋላ አሻሻጯ ሚሊዮኖች አወጣች፤ ማስቲካው ግን ተረሳ።

ለማስታወቂያ የተሠራ ቁራጭ የሕዝብ ምልክት የሚሆነው እንዴት ነው? ይህ ጥያቄ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የአሜሪካን ታሪክ ብቻ ይዞ ይቀራል። ቤዝቦል ሥር ባልሰደደበት እንደ እኛ ባለ አገር ደግሞ ጉዳዩ የሩቅ ወሬ ይመስላል። ነገር ግን ሁለት ነገሮች ወደ እኛ ያቀርቡታል። አንደኛው፣ ኢትዮጵያ ራሷ በቤዝቦል ካርድ አሳታሚ እጅ ካርድ ላይ መውጣቷ ነው። ሁለተኛው፣ በአዲስ አበባ፣ በተለይም እንደ ቀድሞው ካዛንቺስ ባለ የመጠጥና የጨዋታ ሰፈር፣ የንግድ ምስልና የሕዝብ ምልክት የተቆላለፉበት መንገድ ከአሜሪካው ፍጹም የተገለበጠ መሆኑ ነው።

ካርዱ ከየት መጣ?

ነገሩ የተጀመረው ከወረቀት ደካማነት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የአሜሪካ ሲጋራ በስስ የወረቀት ፓኮ ይሸጥ ስለነበር ፓኮው ይጨማደዳል፣ ሲጋራውም ይሰበራል። ፓኮውን ለማጠንከር ካርቶን ይገባበት ጀመር፤ ባዶ ካርቶን ከሚገባ ደግሞ ሥዕል ቢኖርበት ይሻላል ተባለ። አለን እና ጊንተር የተባለው የሪችመንድ ከተማ ኩባንያ በ1887 ግድም «የዓለም ሻምፒዮኖች» ብሎ 50 ካርዶች ያሉት ተከታታይ አወጣ። ከ50ዎቹ ውስጥ የቤዝቦል ተጫዋቾቹ 10 ብቻ ነበሩ። የቀሩት ቦክሰኞች፣ ታጋዮች፣ ቀዛፊዎች፣ የቢልያርድ ተጫዋቾችና ተኳሾች ናቸው። ተዋናዮችን፣ ወፎችንና የአገራት ባንዲራዎችን የያዙ ተከታታዮችም ነበሩ። ስለዚህ ካርዱ በመጀመሪያ የቤዝቦል አልነበረም፤ ዓይን የሚስብ ማንኛውም ነገር የሚገባበት ክፍት ቦታ ነበር።

በ1890 አምስት ታላላቅ የሲጋራ ኩባንያዎች ተዋሕደው የአሜሪካን ትምባሆ ኩባንያ ሆኑ። ተፎካካሪ ሲጠፋ ምርቃትም አብሮ መጥፋት ጀመረ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ካርዱ ከፓኮው ወጣ። ከ1909 እስከ 1911 ግን ያው ኩባንያ ዛሬ ሰብሳቢዎች ቲ206 የሚሉትን፣ ከ520 በላይ ካርዶች ያሉትን ታላቅ ተከታታይ አሳተመ። በካርዶቹ ጀርባ የተጫዋቹን የሕይወት ታሪክ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው ፒድሞንት፣ ስዊት ካፖራል የሚሉ የሲጋራ ስሞችን ነው። ፊቱ ተጫዋች፣ ጀርባው ሻጭ። በ1911 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኩባንያው እንዲበተን ወሰነ።

የዚህ ተከታታይ ዝነኛ ካርድ የሆነስ ዋግነር ነው። ሥርጭቱ ተጀምሮ ስለተቋረጠ እስከ ዛሬ የተገኙት ቅጂዎች ጥቂት አሥርታት ብቻ ናቸው። ለምን ተቋረጠ? የመጀመሪያው ወገን ዋግነር ልጆች ካርዱን ፍለጋ ትምባሆ እንዳይገዙ ብሎ ከለከለ ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ሰውዬው ራሱ ትምባሆ ወዳድ እንደነበርና ቀደም ሲል ምስሉ ለሲጋር ማሻሻጫ መዋሉን ጠቅሶ፣ ጠቡ የክፍያ ነው ይላል። ሁለተኛው ማስረጃ የሚበዛለት ይመስላል። ያም ሆኖ ሁለቱ ወገኖች የሚስማሙበት ነጥብ ከሚለያዩበት ይልቃል፦ ተጫዋቹ «ፊቴን ያለ ፈቃዴ አትሽጡት» ማለት መቻሉ። ወደዚህ ነጥብ እንመለሳለን።

ከትምባሆ በኋላ ማስቲካ መጣ። ጉዲ በ1933፣ ጋም ኢንክ በ1939፣ ቶፕስ ደግሞ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የቤዝቦል ካርድ አወጡ። ገዢው ከአዋቂ ወደ ልጅ ተሸጋገረ። ዛሬ ስለ ካርዱ ባህላዊ ክብር የሚነገረው አብዛኛው ነገር የዚህ የማስቲካ ዘመን ትዝታ ነው፤ የትምባሆው ዘመን በኋላ ተጎትቶ የገባበት ነው።

ሦስት ንባቦች

ይህን ታሪክ የሚያነቡት በሦስት መንገድ ነው። የገበያ ንባብ የምንለው ካርዱን የሽያጭ ዘዴ ብቻ አድርጎ ያያል፦ ተከታታዩን ለመሙላት ሲባል ደጋግሞ ማስገዛት። ለዚህ ንባብ ጠንካራው ማስረጃ ካርዱ ፉክክር ሲሞቅ መምጣቱ፣ ሲበርድ መሄዱ ነው። ሆኖም ቲ206ን ያሳተመው ገበያውን ጠቅልሎ የያዘው ያው ኩባንያ ስለሆነ ንባቡ ሙሉ አይደለም። ያን ጊዜ ከቱርክ ትምባሆ ሲጋራዎች ፉክክር መጥቶበት ነበር የሚለው ማብራሪያ ቀዳዳውን በከፊል እንጂ በሙሉ አይደፍነውም።

ሁለተኛው ንባብ ትርጉሙን የሰጠው ሻጩ ሳይሆን ተቀባዩ ነው ይላል። ልጆች ተለዋወጡት፣ ተወራረዱበት፣ በጎማ አስረው አስቀመጡት። ጄፈርሰን በርዲክ የሚባል የሲራክዩስ ሰው ደግሞ ከ1939 ጀምሮ የአሜሪካን ካርዶች ዝርዝር እያሳተመ እያንዳንዱን ተከታታይ በፊደልና በቁጥር ለየ። «ቲ» የ20ኛው ክፍለ ዘመን ትምባሆ ማለት ነው። ስብስቡን ለኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም አስረከበ። ያለዚህ ዓይነት ሰው ካርዱ ቆሻሻ ሆኖ በቀረ ነበር የሚለው ክርክር በቀላሉ አይረታም።

ሦስተኛው ንባብ ካርዱ ላይ የሌለው ማን ነው ብሎ ይጠይቃል። እስከ 1947 ጥቁር ተጫዋቾች ከታላላቆቹ ሊጎች ስለተከለከሉ በአሜሪካ ካርዶችም ላይ አልነበሩም ማለት ይቻላል። ታላቁ ኦስካር ቻርልስተን ግን በ1923 እና 24 የኩባ ቢሊከን ሲጋራ ካርድ ላይ አለ። በአገሩ ፓኮ ውስጥ ያልገባ ፊት በሌላ አገር ፓኮ ውስጥ ተገኘ። ለኢትዮጵያ ጉዳይ የሚጠቅመን በይበልጥ ይህ ሦስተኛው ንባብ ነው፤ የእኛም ፊቶች መጀመሪያ የወጡት በሰው አገር ወረቀት ላይ ነውና።

ኢትዮጵያ በሰው ካርድ ላይ

የአድዋ ድል የምኒልክን ፊት የአውሮፓ ሸቀጥ አደረገው። የለንደኑ ቫኒቲ ፌር መጽሔት በሐምሌ 1897 የንጉሠ ነገሥቱን ካርቱን አወጣ። የፓሪሱ ለ ፔቲ ዡርናል በነሐሴ 1898 ምኒልክን በአድዋ ጦር ሜዳ አስሎ ገጹን በቀለም ሞላ። ሥዕሎቹ ከኢትዮጵያ ፎቶግራፍ ይልቅ ከሠዓሊው ግምት የተቀዱ ይመስላሉ። ገዢው ግን ስለ ትክክለኛነቱ አልተጨነቀም፤ የፈለገው አንድን የአውሮፓ ጦር ድል ያደረገ ንጉሥ ምን እንደሚመስል ማየት ነው።

በ1930ዎቹ ነገሩ ጨለመ። በጣሊያን ፔሩጂና እና ቡይቶኒ የተባሉት የቸኮላትና የፓስታ ኩባንያዎች በ1934 መጨረሻ በተጀመረ «አራቱ ጠመንጃ ያዦች» በተባለ የሬዲዮ ቀልድ ላይ ተመሥርተው በአንጄሎ ቢዮሌቶ የተሣሉ ትንንሽ ካርዶች በሸቀጣቸው ውስጥ ያስገቡ ጀመር። አልበም የሞላ ሽልማት ያገኛል፤ 150 አልበም የሞላ ደግሞ ቶፖሊኖ መኪና። «ኃይለኛው ሳላዲን» የተባለው ካርድ ጥቂት ስለነበር አገሩ ሁሉ እርሱን አሳደደ። በመካከሉ፣ በመስከረም 1928 ዓ.ም. ማብቂያ፣ የዚያው አገር ጦር መረብን ተሻገረ። በወታደሩ ኪስ ደግሞ ሌላ ወረቀት ነበር፦ የኤንሪኮ ዴ ሴታ የፌዝ ፖስት ካርዶች። በአንዷ ላይ ጣሊያናዊው ወታደር የኢትዮጵያን ተዋጊዎች በነፍሳት መግደያ መርጫ ሲረጭ ይታያል። የመርዝ ጋዙ እውነት በቀልድ ተጠቅልሎ ወደ እናት አገር ይላክ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ልዩነቱን መጠበቅ ያስፈልጋል። የፔሩጂና ካርድ ንግድ ነው፤ የዴ ሴታው ፖስት ካርድ ለወታደር ተሽጦ የጦርነት ቅስቀሳን ያገለገለ ነው። አንዳንድ ጸሐፊዎች ሁለቱን በአንድ ከረጢት ከትተው «የፋሽስት ምስል» ይሏቸዋል፤ ይህ ብዙ ነገር ያደበዝዛል። የፔሩጂናው ካርድ ስለ ኢትዮጵያ አልነበረም። የሚያገናኛቸው የመሰብሰብ ልማድ ነው፦ ትንሽ ወረቀት፣ ባለ ቀለም ሥዕል፣ ለሌላ ሰው የሚታይና የሚላክ።

ከውቅያኖስ ማዶ ደግሞ ፊላደልፊያ ላይ ጋም ኢንክ በ1938 «የጦርነት አስከፊነት» የሚል ተከታታይ አወጣ። የኩባንያው ባለቤት ዋረን ቦውማን ነው፤ በማግሥቱ ዓመት የቤዝቦል ካርድ ያሳተመው ያው ሰው። ተከታታዩ 288 ካርዶች አሉት። አብዛኞቹ ስለ ቻይናና ጃፓን ጦርነት ናቸው፤ የስፔን የእርስ በርስ ጦርነትና የኢትዮጵያ ወረራም ተካተዋል። የአሜሪካ ልጅ በአንድ ሳንቲም ማስቲካ ሲገዛ የኢትዮጵያን ጦር ሜዳ በቀይና በቢጫ ደምቆ ያየዋል፤ ጀርባውን ሲገለብጥ ደግሞ ታሪኩን ያነባል። ካርዱ ሲታተም አዲስ አበባ ከተያዘች ሁለት ዓመት አልፎ ነበር፤ አርበኞች ግን ገና በዱር ነበሩ።

አሳታሚው ዓላማዬ ልጆች ጦርነትን ጠልተው ሰላምን እንዲወዱ ነው አለ። በዚህ ላይ ሁለት አስተያየት አለ። የአሳታሚውን ቃል የሚቀበሉ የካርዱን ጀርባ ይጠቅሳሉ፤ ጽሑፉ አጥቂውን አጥቂ ብሎ ይጠራል። የማይቀበሉት ፊቱን ይጠቅሳሉ፦ ደም፣ እሳት፣ የሚበር አካል። ማስቲካ የሸጠው የትኛው ገጽ ነው? ፊቱ ነው ብሎ መገመት ይቀላል፤ ልጆች መጀመሪያ የሚያዩት እርሱን ነውና። ነገር ግን በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ጉዳይ ጄኔቫ ላይ ተድበስብሶ ባለፈበት ሰዓት፣ አንድ የአሜሪካ ልጅ ስለ ኢትዮጵያ ያነበበው ብቸኛ ነገር የማስቲካ ካርድ ሊሆን ይችል እንደነበር መዘንጋት የለበትም።

ካዛንቺስ በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ወራሪው መንግሥት ለሠራተኞቹ መኖሪያ ካሠራበት ኢንቺስ ከሚባለው የጣሊያን የቤቶች ድርጅት ነው። የዴ ሴታ ካርድ የሚላላክ ሹም ከነቤተሰቡ ይኖርባቸው ዘንድ የታሰቡ ቤቶች ከነፃነት በኋላ የአዲስ አበባ ሰው ቤት ሆኑ፤ ስሙንም አዲስ አበቤው እንደ ራሱ አድርጎ ያዘው። የሰጪውን ሐሳብ ተቀባዩ ሊገለብጠው ይችላል ለሚለው ሁለተኛ ንባብ ከዚህ የተሻለ የከተማ ማስረጃ አይገኝም።

እዚህ ለምን አልታተመም?

ኢትዮጵያ ውስጥ ሲጋራም፣ ማስቲካም፣ ዝነኛ ሯጭም፣ የእግር ኳስ ፍቅርም ነበረ። ካርዱ ግን የአሜሪካውን ዓይነት ሥር አልሰደደም። ለዚህ የሚቀርቡ መልሶች አራት ያህል ናቸው፤ እኩል ክብደት የላቸውም።

ማተሚያ አልነበረም የሚለው አያስኬድም። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1921 ቆሟል። በ1960ዎቹ ማብቂያ ደግሞ አምኃ እሸቴ ሸክላ ሲያሳትም የዘፋኞች ፎቶ ያለበት ሽፋን እያወጣ ነበር። ወረቀት ላይ ፊት አትሞ መሸጥ የታወቀ ሥራ ነበር።

ሞኖፖል ነው የሚለው ትንሽ ይሻላል። ትምባሆ ከነፃነት በኋላ በመንግሥት እጅ ሆኖ ቆየ፤ ሕዝቡም ድርጅቱን እስከ ዛሬ «ትምባሆ ሞኖፖል» ይለዋል። የጃፓኑ የትምባሆ ኩባንያ በ2016 40 በመቶውን ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ እስኪገባና በማግሥቱ ዓመት አብላጫውን እስኪይዝ ድረስ ኒያላ ሲጋራን ከማን ጋር አፎካክሮ ምርቃት ይስጥ? ሆኖም በአሜሪካው ታሪክ እንዳየነው ሞኖፖል ብቻውን ካርድን አያስቀርም።

ሦስተኛው መልስ ከሱቅ በደረቴው ሳጥን ይነሳል፤ ይህ ጸሐፊ ክብደት የሚሰጠውም ለእርሱ ነው። አዲስ አበቤ ሲጋራን በአብዛኛው የሚገዛው በፍሬ ነው። ፓኮው በሻጩ ሳጥን ውስጥ ይቀራል፤ ገዢው አንዷን ፍሬ ለኩሶ ይሄዳል። ካርድ ደግሞ ፓኮ ይፈልጋል። ቢራውና ለስላሳውም እንዲሁ ነው፦ ጠርሙሱ ወደ ሳጥኑ ይመለሳል። ማሸጊያው በገዢው እጅ በማይቀርበት አገር ለሰብሳቢ የሚተርፈው ምንድን ነው? ቆርኪ ነው። የአዲስ አበባ ልጆችም የሰበሰቡት፣ የተወራረዱበትና በቀለሙ የለዩት ቆርኪን ነው። ኋላ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ይህን አውቀው በቆርኪ ሥር ሽልማት መደበቅ ጀመሩ። ቆርኪ ግን ፊት የለውም፤ አርማ እንጂ። ስለዚህ የእኛ የልጅነት ስብስብ የሰዎች ሳይሆን የአርማዎች ስብስብ ሆነ።

አራተኛው መልስ ከሦስተኛው ጋር ይሰናሰላል። የታተመ ፊት በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ የመንግሥት ጉዳይ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮች በ1894 ፓሪስ ላይ በሉዊ ኡዤን ሙሾን ተቀርጸው ሲታተሙ አራቱ የምኒልክን ፊት፣ ሦስቱ አንበሳን ይዘው ነበር። ያኔ የፖስታ አገልግሎቱ ገና አልተደላደለም፤ ብዙዎቹ ቴምብሮች ከደብዳቤ ይልቅ ለፓሪስ ሰብሳቢዎች ተሸጡ። አገሪቱ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1908 ነው። ስለዚህ ቴምብሩ ራሱ የአገር ማስታወቂያ ነበር፤ «ሉዓላዊ ነኝ» የሚል ካርድ። ቀጥሎ በመጡት ሥርዓቶችም ሯጩም፣ አርሶ አደሩም፣ አብዮተኛውም በቴምብርና በግድግዳ ፖስተር ላይ የወጣው በመንግሥት መራጭነት ነው። ለንግድ የተረፈለት እንስሳው፣ ተራራውና ቅዱሱ ነበር።

ምልክቱ ቀድሞ፣ ሸቀጡ ተከትሎ

የአሜሪካ ካርድ ሸቀጥ ቀድሞ ጀግና ፈጠረ ወይም አገነነ። በእኛ ዘንድ ጀግናው ቀድሞ ነበር፤ ሸቀጡ ነው መጥቶ የተደገፈው። ቅዱስ ጊዮርጊስን እንውሰድ። ታቦቱ አድዋ መዝመቱ ይተረካል፤ ድሉ የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በቅዱሱ ዕለት ነው፤ የአራዳው ካቴድራል የዚያ መታሰቢያ ነው። በ1922 በስሙ የቢራ ፋብሪካ ቆመ። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ አራዳ ላይ የእግር ኳስ ክለቡ ተመሠረተ። ፋብሪካው በደርግ ዘመን በመንግሥት እጅ ቆይቶ በ1998 ለፈረንሳዩ ቢጂአይ ተሸጠ። ዛሬ አንድ ግሮሰሪ ገብቶ «አንድ ጊዮርጊስ» የሚል ሰው ታቦቱን፣ ድሉን፣ ክለቡን ወይስ ጠርሙሱን ነው የጠራው? አስተናጋጁ አይሳሳትም፤ ታሪክ ጸሐፊው ግን ሊሳሳት ይችላል።

በዚህ ላይ ያሉት ወገኖች በግልጽ አይከራከሩም፤ ልዩነታቸው ግን እውነተኛ ነው። ቅዱሱን በፈረሱ ላይ ሆኖ በቢራ ጠርሙስ ማየት የማይዋጥላቸው ምእመናን አሉ። ለክለቡ ደጋፊ ደግሞ ቢራው የቤተሰብ ነገር ነው፤ ክለቡን የደገፈ እጅ ነውና። የንግድ ሰው ስሙ ከክፍለ ዘመን በፊት የተመዘገበ ንብረት ነው ይላል። ሦስቱም ልክ ናቸው፤ ችግሩ ይህ ነው። ቤዝቦል ካርድ ላይ ያለውን ተጫዋች ያስፈረሙት ተጫዋቹን ራሱን ነው። ቅዱስን ማን ያስፈርማል?

ኒያላና ዋልያ ሌላ ነገር ያሳያሉ። የደጋ አጋዘን፣ ኒያላ፣ ከኢትዮጵያ ውጪ የለም፤ ዋልያም እንደዚሁ። የመጀመሪያው ሲጋራ ሆነ። ሁለተኛው መጀመሪያ የብሔራዊ ቡድኑ ቅጽል ሆነ፤ ቡድኑ ከ31 ዓመት በኋላ ለ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ አልፎ አገሩ ሁሉ «ዋልያዎቹ» ሲል፣ ሄኒከን በማግሥቱ ዓመት ዋልያ ቢራን ይዞ ብቅ አለ። አንበሳማ ከሁሉም ይከፋል፦ አውቶቡስ፣ ጫማ፣ ባንክ። እነዚህን ምልክቶች ማስታወቂያው አልፈጠራቸውም፤ ተከራያቸው እንጂ። ኪራይ የሚቀበል ባለቤት አለመኖሩ ነው ከአሜሪካው የሚለየው።

ማስታወቂያ ራሱ ምልክት የሆነበት የእኛ መንገድ ግን አለ፤ በካርድ ሳይሆን በመሬት ላይ። ቶታል ሦስት ቁጥር ማዞሪያ፣ ኮካ፣ ፔፕሲ፣ ትምባሆ ሞኖፖል፦ እነዚህ የታክሲ ረዳት የሚጠራቸው ሰፈሮች ናቸው። ለነዳጅ ወይም ለለስላሳ የተተከለ ታፔላ አድራሻ ሆነ። ድርጅቱ ቢዘጋ ወይም ቢዛወር እንኳ ስሙ ይቆያል። የአሜሪካው ልጅ ማስታወቂያውን በጫማ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠው፤ አዲስ አበቤው ኖረበት።

ፊቱ የማን ነው?

በ1953 የኒው ዮርክ ፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በሄለን ላቦራቶሪስና በቶፕስ መካከል በነበረ የማስቲካ ካርድ ጠብ ላይ ውሳኔ ሰጠ። ተጫዋቹ በፎቶው የንግድ ዋጋ ላይ የራሱ መብት አለው፤ መብቱንም ለአንድ ኩባንያ ብቻ መስጠት ይችላል ተባለ። የዝነኛ ሰው ገጽታ ንብረት ነው የሚለው የአሜሪካ ሕግ በስሙ የተጠራው ያኔ ነው። ሁለት የማስቲካ ነጋዴዎች ሲጣሉ የዓለም ዝነኞች ሕግ አገኙ።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1960፣ ሁለት ነገሮች ሆኑ። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወጣ፤ አንቀጽ 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። በዚያው ዓመት ነሐሴ አልፎ በጳጉሜን ሰሞን አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ማራቶንን አሸነፈ። ባዶ እግሩ ከዚያ ወዲያ የዓለም ምስል ሆነ፤ የሚያስገርመው ደግሞ ያን ባዶ እግር ለመሸጥ የተሽቀዳደሙት ጫማ ሠሪዎች መሆናቸው ነው። በ1961 ጃፓን ላይ ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ ጫማውን እንዲያደርግ አግባባው፤ በ1964 ቶኪዮ ላይ በፑማ ሮጦ አሸነፈ። ካረፈ ከ37 ዓመት በኋላ፣ በ2010፣ ቪብራም የተባለው ኩባንያ እግር የሚመስል ጫማ ሠርቶ «ቢቂላ» አለው።

ቤተሰቡ በ2015 ታኮማ በሚገኘው የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ በ2016 ክሱን የጣለው፣ ቤተሰቡ ነገሩን ከ2011 ጀምሮ እያወቀ ዘግይቷል በሚል ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ፣ የአበበ ስም የማን ነው የሚለው፣ ሳይመለስ ቀረ። በዘገየ ክስ የተዘጋ ፋይል የመብት ፍርድ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ግን እንደዚያ ተደርጎ ይጠቀሳል።

በአገር ውስጥም ክርክሩ ክፍት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 28 የሰውዬው ዝነኛነት ወይም ባህላዊና ትምህርታዊ ጥቅም ሲኖር ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። በአንድ በኩል ዝነኛነት ራሱ ፈቃድን የሚያስቀር ከሆነ አንቀጽ 27 ለዝነኞች ባዶ ይሆናል። በሌላ በኩል የአበበን ፎቶ ካፌ ግድግዳ ላይ የሰቀለ ሁሉ ተከሳሽ ሊሆን አይገባም። መስመሩ የሚሰመረው ምስሉ ለማስታወስ ወይስ ለመሸጥ ዋለ በሚለው ላይ ይመስላል። ካፌው ግን ሁለቱንም ነው የሚያደርገው፤ ካርዱም ሁለቱንም ነበር የሚያደርገው።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የትምባሆን ማስታወቂያና ስፖንሰርነት ከለከለ፤ ከፓኮው ፊትና ጀርባ 70 በመቶውን ለሥዕላዊ የጤና ማስጠንቀቂያ ሰጠ። ቢራም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ወጣ። ኒያላ አሁን የታመመ አካል ፎቶ ሥር ተቀምጧል። የሚገርመው የኢትዮጵያ ፓኮ በመጨረሻ የሰው ሥዕል የገባበት በዚህ መንገድ መሆኑ ነው፤ አሜሪካው ሲጋራ ለመሸጥ ሥዕል ባስገባበት ቦታ እዚህ ሕጉ ሲጋራ እንዳይሸጥ ሥዕል አስገባበት። በቢራው ላይ ክርክሩ አላበቃም። የጤና ወገን ልጆች ኳስን ከቢራ ጋር አያይዘው ማደጋቸውን ይጠቅሳል፤ የስፖርት ወገን ክለቦች የገቢ ምንጫቸው መድረቁን ይጠቅሳል። ሁለቱም እውነት ስለሆነ አንዱ ሌላውን አይረታም።

የቀረው የጥበቃ ጉዳይ ነው። ቴምብሩ ሙዚየም አለው፤ አዲስ አበባ ዋናው ፖስታ ቤት ዘንድ ይገኛል። መለያ ወረቀቱ፣ ቆርኪው፣ የግሮሰሪው ታፔላና የአዝማሪ ቤቱ ፖስተር ግን ቤት ሲፈርስ አብሮ የሚፈርስ ነገር ነው። በ2024 የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስን ሲያፈርስ መላኩ በላይ የሚመራው የፈንድቃ የባህል ማዕከልም ከፈረሱት አንዱ ነበር። ስለ ቤቶቹና ስለ ነዋሪው ብዙ ተባለ፤ ስለ ግድግዳው ወረቀት ግን የተናገረ ጥቂት ነው፤ ነገሩ ከነዋሪው መፈናቀል አንፃር ሲታይ ትንሽ ስለሆነ አይፈረድም።

አንድ ሰው ይህን ወረቀት እንደ በርዲክ ሊመዘግበው ቢነሳ መጀመሪያ የሚገጥመው የአከፋፈል ችግር ነው። በርዲክ የከፈለው በሸቀጡ ነበር፦ ትምባሆ፣ ማስቲካ፣ ዳቦ። ያ አከፋፈል የሠራው እያንዳንዱ ፊት ከአንድ ሸቀጥ ጋር የተወለደ ስለነበር ነው። እዚህ በሸቀጥ ቢከፈል ፈረሰኛው ጊዮርጊስ ከቢራ ሥር ይገባና ክለቡና ካቴድራሉ ከመዝገቡ ውጪ ይቀራሉ። በምስል ቢከፈል ደግሞ አንበሳው ቴምብሩን፣ አውቶቡሱን፣ ጫማውንና ባንኩን ጎትቶ ገብቶ መዝገቡ የማስታወቂያ መሆኑ ይቀርና የአገር መዝገብ ይሆናል።